በአዲስ ቤት የመስኮት መስታወት ለምን ይሰነጠቃል? ተደጋግመው የሚጠየቁ ጥያቄዎች

በሰሜን ሸዋ ደጋ አዲስ ቤት ሠርተው የገቡ ሰዎችን በመጀመሪያው ዓመት ከሚያሳስቧቸው ነገሮች አንዱ ማንም ሳይነካው ተሰንጥቆ የሚገኝ የመስኮት መስታወት ነው። ብዙ ጊዜ ጥፋቱ በልጆች ወይም በገጣሚው ላይ ይጣልና መስታወቱ በማግሥቱ ተነቅሎ ይጣላል፤ ምክንያቱ ሳይታወቅ የተተካው ሁለተኛ መስታወትም በዚያው ቦታ፣ በዚያው አቅጣጫ ይሰነጠቃል። እኔም በደብረ ብርሃን በሠራሁት ቤት የምሥራቁን መኝታ ክፍል መስታወት ሁለት ጊዜ ከቀየርኩ በኋላ ነው ስንጥቅ ራሱ የሚነበብ ነገር መሆኑን የተረዳሁት። የሚከተሉት ጥያቄዎች ከዚያ ወዲህ ጎረቤቶችና ቤት በማሠራት ላይ ያሉ ወዳጆች ደጋግመው የጠየቁኝ ናቸው።

መስታወቱ ተሰንጥቆ ስናገኘው መጀመሪያ ምን እናድርግ?

ለመንቀል አይቸኩሉ። ምክንያቱን የሚናገረው ማስረጃ ያለው በስንጥቁ፣ በመስታወቱ ጠርዝና መስታወቱ በተቀመጠበት ክፈፍ ላይ ስለሆነ፣ መስታወቱ ከቦታው ሲወጣ ከማስረጃው አብዛኛው አብሮ ይጠፋል። ስብርባሪው በሰው ላይ ይወድቃል የሚያሰኝ ሥጋት ካለ ግን በሁለቱም ወገን ሰፋ ያለ ፕላስተር ይለጥፉበት፤ ልጆች ከሥሩ እንዳይቀመጡም ይከልክሉ።

ከዚያ በኋላ ስንጥቁን ከውጭም ከውስጥም ፎቶ ያንሡ፤ የስንጥቁ ጫፍ የደረሰበትን ቦታ በማርከር ምልክት አድርገው ከጎኑ ቀኑን ይጻፉ። ስንጥቁ የታየበትን ሰዓት፣ ሌሊቱ ውርጭ እንደነበረ ወይም እንዳልነበረ፣ ፀሐይ በመስታወቱ ላይ አርፋ እንደሆነ፣ በዚያ ሰሞን በቤቱ ውስጥ የብየዳ፣ የልስን ወይም የቀለም ሥራ እንደነበረም ይመዝግቡ። ይህ ማስታወሻ ቀላል ቢመስልም በኋላ ከገጣሚው ወይም ከሥራ ተቋራጩ ጋር በሚደረገው ንግግር ከማንኛውም ክርክር የበለጠ ይረዳል።

ስንጥቁ ከየት እንደጀመረ እንዴት ይታወቃል?

የምርመራው ልብ ይህ ጥያቄ ነው፤ መነሻው ከታወቀ ምክንያቱ ግማሹ ታውቋል ማለት ይቻላል። ስንጥቁ ቅርንጫፍ ካለው ቅርንጫፎቹን ወደ ኋላ እየተከተሉ የሚገናኙበትን ቦታ ይፈልጉ፤ ስንጥቅ እየሄደ ይከፈላል እንጂ ተከፍሎ ጀምሮ ወደ አንድ አይሰበሰብም። አንድ ብቻ ከሆነ ደግሞ ሁለቱን ጫፎች ይመልከቱ። አንዱ ጫፍ በመስታወቱ መካከል ላይ ቆሞ ሌላው ከክፈፉ ሥር የሚገባ ከሆነ መነሻው ከክፈፉ በኩል ያለው ነው።

ቀጥሎ ስንጥቁ ከጠርዙ የሚነሳበትን ማዕዘን በስኳድራ ይለኩ። የመጀመሪያዎቹ ጥቂት ሴንቲ ሜትሮች ከጠርዙ ጋር ልክ 90 ዲግሪ ሠርተው ከተነሱና ስንጥቁ ከዚያ በኋላ እንደ ወንዝ እየተጠማዘዘ ከሄደ፣ አብዛኛውን ጊዜ ምክንያቱ የሙቀት ልዩነት ነው። ከጠርዙ ሰያፍ ሆኖ ከተነሳ ወይም ከማዕዘን ወደ ማዕዘን ከተዘረጋ የክፈፍ መጠምዘዝ፣ መጫን ወይም የግድግዳ እንቅስቃሴ ይጠረጠራል። ስንጥቆቹ ከመስታወቱ መካከል ካለ አንድ ነጥብ ተነሥተው እንደ ኮከብ ጨረር ከተበተኑ ደግሞ መስታወቱ ተመትቷል።

መስታወቱ በመጨረሻ ሲነቀል ስብርባሪውን ወዲያው አይጣሉት። የተሰበረውን ገጽ በብርሃን አጋድመው ሲያዩት በመነሻው አካባቢ ልሙጥና የሚያብለጨልጭ፣ ከዚያ ራቅ ሲል እየሻከረ የሚሄድ ሆኖ ያገኙታል። በገጹም ላይ እንደ ቅስት የታጠፉ ቀጫጭን መስመሮች ይታያሉ፤ የቅስቱ ጎድጓዳ ወገን ስንጥቁ ወደ መጣበት፣ ጎበጥ ያለው ወገን ወደ ሄደበት ያመለክታል። የባለሙያ መሣሪያ አያስፈልገውም፤ የእጅ ባትሪና ትንሽ ትዕግሥት ይበቃዋል። በመነሻው ጠርዝ ላይ የጥፍር ራስ የምታክል ዛጎል መሰል ሽራፊ ካለች ከቆረጣ፣ ከመጓጓዣ ወይም ከገጠማ የመጣች ጉዳት ናት።

ልጆች በድንጋይ መትተውት ይሆን?

በጠጠር ወይም በወንጭፍ የተመታ መስታወት የተመታበትን ነጥብ አይደብቅም። በነጥቡ ላይ ትንሽ የተፈረከሰ ጉድጓድ ይኖራል፤ ጨረሮቹም ከእርሱ ይነሳሉ። ትንሽና ፈጣን ጠጠር ሲሆን ጉድጓዱ ከተመታበት ወገን ጠባብ፣ ከጀርባው ሰፊ ሆኖ ስለሚታይ ድንጋዩ ከውጭ ወይስ ከውስጥ እንደመጣ በጣት ዳስሶ መለየት ይቻላል። በክረምት ትልልቅ በረዶ ሲጥልም ተመሳሳይ ምልክት ይተዋል፤ ነገር ግን በረዶ አንድ መስኮት መርጦ ስለማይመታ በሌሎቹ መስታወቶችና በቆርቆሮው ላይም ምልክቱ መታየት ይኖርበታል። የተመታ ነጥብ ከሌለና ስንጥቁ ከክፈፉ ሥር ከተነሳ ልጆቹን መቅጣት ተገቢ አይደለም። እኔ በዚህ በኩል አጥፍቻለሁ፤ የመጀመሪያው መስታወት ሲሰነጠቅ የወቀስኩት ልጅ ምንም አላደረገም ነበር።

ብርድና ፀሐይ ብቻቸውን መስታወት ይሰነጥቃሉ?

አዎ፤ በደጋው ሰሜን ሸዋ ደግሞ ለዚህ የሚያመቹ ሁኔታዎች ተሟልተዋል። ደብረ ብርሃን ከባሕር ጠለል በላይ 2800 ሜትር ገደማ ላይ የምትገኝ ሲሆን፣ ከጥቅምት እስከ ታኅሣሥ ባሉት ወራት ሰማዩ ሌሊት ጥርት ስለሚል ሙቀቱ ወደ ዜሮ ዲግሪ፣ አንዳንዴም ከዚያ በታች ወርዶ ሣሩ ላይ አመዳይ ይጋገራል። ጠዋት ፀሐይ ስትወጣ ግን በዚያ ከፍታ ጨረሯ ብርቱ ነው። በምሥራቅ በኩል ባለ መስኮት ላይ የመስታወቱ መካከል ወዲያው መሞቅ ሲጀምር፣ በክፈፉ ውስጥ የተደበቀው ጠርዝ ግን ሌሊቱን ሙሉ የቀዘቀዘውን ብረትና ኮንክሪት እንደተደገፈ ቀዝቅዞ ይቆያል።

የሞቀው መካከል መለጠጥ ይፈልጋል፤ የቀዘቀዘው ጠርዝ አይከተለውም። በዚህ ጊዜ ጠርዙ እንደተወጠረ ገመድ ወደ ሁለት ወገን ይሳባል። መስታወት መጨመቅን በብርቱ የሚቋቋም፣ መሳብን ግን ብዙም የማይችል ነገር ነው። ተራ መስታወት በመካከሉና በጠርዙ መካከል ከ30 እስከ 40 ዲግሪ ሴንቲ ግሬድ የሚደርስ ልዩነት ሲፈጠር የአደጋ ክልል ውስጥ ይገባል፤ ጠርዙ የተሸራረፈ ከሆነ ከዚያም ባነሰ ልዩነት ሊሰነጠቅ ይችላል። ቆረጣው ንጹሕ የሆነ መስታወት ለዓመታት የሚችለውን ጠዋት፣ ጠርዙ የተጎዳው በመጀመሪያው የኅዳር ውርጭ የማይችለው ለዚህ ነው።

ጥላም የራሱ ድርሻ አለው። ከመስኮቱ በላይ የወጣ የጣራ ክፍክፍ ወይም በረንዳ በመስታወቱ ላይ ግማሹን ጥላ፣ ግማሹን ፀሐይ ሲያደርገው ልዩነቱ ይባባሳል። ከመስታወቱ ሥር ከሰል የተያያዘበት ምድጃ ማስቀመጥም፣ በውርጭ የተሸፈነን መስታወት ለማጽዳት የፈላ ውሃ ማፍሰስም እንዲሁ ነው። የኋለኛው በተለይ በአንድ ጊዜ ሊያፈርጠው ስለሚችል ፈጽሞ መደረግ የለበትም፤ አመዳዩ ፀሐይ እስኪያሟሟው ይቆይ፣ ካልሆነም በደረቅ ጨርቅ ይወልወል።

ባለ ቀለም መስታወት፣ የሚለጠፍ ፊልምና ወፍራም መጋረጃ ለውጥ ያመጣሉ?

ያመጣሉ። ነጭ መስታወት አብዛኛውን የፀሐይ ጨረር ያሳልፋል፤ ቡናማው፣ ሰማያዊውና እንደ መስተዋት የሚያንጸባርቀው ሪፍሌክቲቭ ግን ከጨረሩ ብዙውን ራሱ ውስጥ ስለሚያስቀር ከነጩ ይልቅ በጣም ይሞቃል። በነጭ መስታወት ላይ ከተገጠመ በኋላ የሚለጠፍ ጥቁር ፊልምም ያንኑ ሥራ ይሠራል፤ መስታወቱ ሲመረጥ ያልታሰበ ሙቀት ይጨምርበታል። ከመስታወቱ ጋር ተጣብቆ የሚንጠለጠል ወፍራም መጋረጃም በመካከላቸው ያለውን ሙቅ አየር ስለሚያፍን እንዲሁ ነው። መጋረጃው ከመስታወቱ ቢያንስ አምስት ሴንቲ ሜትር ርቆ ከላይና ከታች አየር እንዲያሳልፍ ቢሰቀል ይመረጣል። ባለ ቀለም መስታወት ለምሥራቅ መስኮት ከተመረጠ ጠርዙ በጥንቃቄ እንዲሞረድ፣ ካልሆነም ቴምፐርድ የሚባለው በፋብሪካ በሙቀት የጠነከረ መስታወት እንዲሆን ማድረግ ወጪውን የሚያስቆጭ አይደለም።

ክፈፉ ራሱ መስታወቱን ሊሰብረው ይችላል?

ካየኋቸው ስንጥቆች አብዛኞቹ የመጡት ከዚህ ነው፤ ስለዚህ በዚህ ጉዳይ ላይ ዘርዘር ልበል።

መስታወት በክፈፉ ውስጥ እንዲቀመጥ እንጂ እንዲጣበቅ አይፈለግም። በአራቱም ጠርዝ ሦስት ሚሊ ሜትር ያህል ክፍተት ሊኖረው ይገባል፤ ከታች ደግሞ በቀጥታ በብረቱ ላይ ሳይሆን ከሁለቱ ማዕዘኖች ወደ ውስጥ የስፋቱን አንድ አራተኛ ያህል ገባ ብለው በተቀመጡ ሁለት የጎማ ቁራጮች ላይ መቀመጥ አለበት። ገጣሚው ግን ብዙ ጊዜ ክፈፉን በሜትር ለክቶ መስታወቱን በዚያው ልክ ይቆርጠዋል፤ ሲገባ ጥብቅ ማለቱም እንደ ጥሩ ሥራ ይቆጠራል።

ጥብቅ ማለቱ የሚያመጣውን ጉዳት በቁጥር ማየት ይቻላል። መስታወት ለእያንዳንዱ ሜትርና ለእያንዳንዱ ዲግሪ ከአንድ ሚሊ ሜትር ሺህ እጅ ዘጠኙን ያህል ሲለጠጥ፣ ብረት 12ቱን፣ አሉሚኒየም ደግሞ 23ቱን ያህል ይለጠጣል። እንግዲህ 1.20 ሜትር ስፋት ያለው የአሉሚኒየም መስኮት በቀትር ፀሐይ ተገጥሞ ሌሊት በ30 ዲግሪ ቢቀዘቅዝ፣ አሉሚኒየሙ ወደ 0.8 ሚሊ ሜትር ሲኮማተር መስታወቱ የሚኮማተረው 0.3 ሚሊ ሜትር ገደማ ብቻ ነው። ግማሽ ሚሊ ሜትር ያህል ክፍተት ያልተተወለት መስታወት በክፈፉ ተጨምቆ ያድራል ማለት ነው። በብረት ክፈፍ ልዩነቱ ከአንድ አሥረኛ ሚሊ ሜትር ብዙም ስለማይበልጥ ጉዳቱ በዚህ በኩል ያነሰ ነው፤ የብረት ክፈፍ ችግሩ ሌላ ነው።

የብረት ክፈፍ በማዕዘኖቹ ላይ ይበየዳል። የብየዳው ትራፊ በግራይንደር ካልተስተካከለ መስታወቱ የሚያርፍበት ገጽ ላይ እንደ ጉብታ ይቀራል፤ መስታወቱም በመላ ጠርዙ ሳይሆን በዚያ ነጥብ ላይ ብቻ ይደገፋል። መስታወት የያዘው ብሎን ወይም ሚስማር ሲጠብቅም ያንኑ ያደርጋል። በእኔ ቤት ሁለት መስታወት የሰበረችው የምስር ፍሬ የምታክል የብየዳ ጠብታ ነበረች። ሦስተኛው ከመገጠሙ በፊት ክፈፉን በጣቴ እየዳበስኩ ስዞር አገኘኋት፤ ሁለቱም ስንጥቆች የተነሱት ከእርሷ ትይዩ ነበር።

ክፈፉ ስኳድራውን መጠበቁን ለማረጋገጥ ሁለቱን ሰያፍ ርዝመቶች፣ ማለትም ከላይ ግራ እስከ ታች ቀኝና ከላይ ቀኝ እስከ ታች ግራ ያለውን በሜትር ይለኩ። እኩል ካልሆኑና ልዩነቱ ከሦስት ወይም ከአራት ሚሊ ሜትር ካለፈ ክፈፉ ተጣሟል። በእንጨት መስኮት ደግሞ በደንብ ያልደረቀ የባሕር ዛፍ ወይም የጥድ እንጨት በክረምት እርጥበት ሲያብጥ፣ በበጋ ሲጠወልግ ቅርጹን ይለውጣል።

ሲገጠም ደህና የነበረ መስታወት ከወራት በኋላ እንዴት ይሰነጠቃል?

ጉዳቱ የደረሰበት ቀንና ስንጥቁ የታየበት ቀን አንድ መሆን የለባቸውም። በጠርዙ ላይ ያለች ለዓይን የማትታይ ጭረት፣ የማያቋርጥ ውጥረት ካለባት፣ በጣም በዝግታ ወደ ውስጥ ታድጋለች። በአየር ውስጥ ያለው እርጥበትም በጭረቷ ጫፍ ላይ የመስታወቱን ትስስር ስለሚያላላ ዕድገቱን ያፋጥነዋል። ጭረቷ ከተወሰነ መጠን ስታልፍ ግን ዝግታው ያበቃል፤ ስንጥቁ በሰከንድ እስከ 1500 ሜትር ገደማ በሚደርስ ፍጥነት ይሮጣል፤ ሌሊት የሚሰማው የ«ጧ» ድምፅም ይኸው ነው። ስለዚህ «ከገጠምኩት አራት ወር ሆኖታል፣ እኔን አይመለከተኝም» የሚለው መልስ ብቻውን በቂ አይደለም፤ እንዲሁም ዘግይቶ መሰንጠቁ ገጣሚውን ጥፋተኛ አያደርገውም። ወሳኙ በመነሻው ላይ የሚገኘው ምልክት ነው።

በግንባታው ጊዜ በመስታወቱ ላይ ምን ጉዳት ሊደርስ ይችላል?

ብዙ ቤቶች በረንዳቸውና የደረጃ መደገፊያቸው የሚበየደው መስታወት ከተገጠመ በኋላ ነው። ከብየዳና ከግራይንደር የሚረጨው የጋለ ብረት መስታወቱ ላይ ሲያርፍ ይቀልጥና ይነክሳል፤ በጣት ሲዳሰስ እንደ አሸዋ የሚሻክሩ ጥቃቅን ነጠብጣቦች ይተዋል፤ እያንዳንዱም የስንጥቅ መነሻ ሊሆን ይችላል። የልስን ሲሚንቶ ፍንጣቂ ደርቆ ከቆየ በኋላ በምላጭ መፋቅም መስታወቱን ይጭረዋል። ከአዲስ አበባ በመኪና ሲጫን ተጋድሞ የመጣ መስታወት ከቆመው ይልቅ ለጉዳት የተጋለጠ ነው፤ በጠርዙ ቆሞ፣ በመካከሉ ወረቀት ወይም ካርቶን ገብቶ፣ በገመድ ታስሮ መምጣት ይኖርበታል።

ስንጥቁ ቤቱ እየሰመጠ ለመሆኑ ምልክት ነው?

አንዳንዴ ነው፤ በተለይ ቤቱ በጥቁር አፈር ላይ ከተሠራ። በሞረትና ጅሩ፣ በእነዋሪ አካባቢና በሌሎችም የሰሜን ሸዋ ሜዳማ ቦታዎች የሚገኘው መረሬ ወይም ዋልካ የሚባለው አፈር ለስንዴና ለጤፍ የተመሰገነ ቢሆንም ለመሠረት አስቸጋሪ ነው። በክረምት ውሃ ጠጥቶ ያብጣል፣ ሽቅብም ይገፋል፤ በበጋ ደርቆ ይሰነጣጠቃል፣ ወደ ታችም ይለቅቃል። ይህ እንቅስቃሴ ቤቱን ሁሉ እኩል ቢያነሳና ቢያወርድ ጉዳቱ ባነሰ ነበር፤ ነገር ግን ከቤቱ ሥር ያለው አፈር እንደ ደረቀ ሲቆይ ዙሪያው ስለሚርስ፣ ጥጉ ከመካከሉ የተለየ ጉዞ ይጓዛል።

ግድግዳ ሲንቀሳቀስ መስታወት ብቻውን አይሰነጠቅም። ከመስኮቱ ማዕዘን ተነሥቶ በ45 ዲግሪ ገደማ ወደ ላይ ወይም ወደ ታች የሚሄድ የልስን ስንጥቅ፣ መሬት የሚጎትት ወይም አልዘጋ ያለ በር፣ በሊሾው ላይ የተከፈተ መስመር መኖሩን ይመልከቱ። እነዚህ ካሉ መስታወቱን መተካት የመጨረሻው ሥራ እንጂ የመጀመሪያው አይደለም። በግድግዳው ስንጥቅ ላይ በሁለቱም ወገን ቀጭን የእርሳስ ምልክት አድርገው በመካከላቸው ያለውን ርቀት ከሰኔ እስከ ሰኔ በየወሩ ይለኩ። በክረምት እየከፈተ በበጋ የሚዘጋ፣ ወይም ተቃራኒውን የሚያደርግ ከሆነ አፈሩ እየሠራ ነው። የጣራ ውሃ በአሸንዳ ተሰብስቦ ከመሠረቱ እንዲርቅ፣ በቤቱ ዙሪያ ውሃ የማያሳልፍ መራመጃ እንዲሠራ፣ ትልልቅ ባሕር ዛፎችም ከግድግዳው አጠገብ እንዳይተከሉ ማድረግ ብዙ ያግዛል።

ከአፈሩ ሌላ አዲሱ ቤት ራሱ ይንቀሳቀሳል። ኮንክሪት ሲደርቅ ይኮማተራል፤ ከመስኮቱ በላይ ያለው ቢምም የሶሌታውንና የጣራውን ክብደት ተሸክሞ በወራት ውስጥ በጥቂቱ ወደ ታች ይጎብጣል። ክፈፉና ቢሙ መካከል ያለው ክፍተት በሲሚንቶ ጢም ተደርጎ ከተሞላ ጉብጠቱ በቀጥታ በክፈፉ ላይ፣ ከክፈፉም በመስታወቱ ላይ ያርፋል። ያን ክፍተት በሲሊከን ወይም በሚለጠጥ ነገር መሙላት ይህን ያስቀራል።

የመሬት መንቀጥቀጡ አድርጎት ይሆን?

ጥያቄው በ2017 ዓ.ም. በፈንታሌና በዶፋን አካባቢ በተከታታይ ከደረሰው የመሬት መንቀጥቀጥ ወዲህ በዝቷል። ንዝረቱ በሰሜን ሸዋም ተሰምቷል፤ ቀጣናው የስምጥ ሸለቆው ጠርዝ በመሆኑም ነገሩ አዲስ አይደለም፤ በ1953 ዓ.ም. የደረሰው የካራ ቆሬ የመሬት መንቀጥቀጥ ማጀቴን አፍርሶ ካራ ቆሬን ክፉኛ ጎድቶ ነበር። ይሁንና ንዝረት ትክክለኛ ክፍተት ያለውን መስታወት በክፈፉ ውስጥ ያወዛውዘዋል እንጂ በቀላሉ አይሰብረውም። ስንጥቁ ንዝረቱ በተሰማበት ሰዓት ከታየ፣ ከአንድ በላይ መስኮት ከተጎዳና ልስኑም ከተሰነጠቀ ንዝረቱን መጠርጠር ተገቢ ነው። አንድ መስታወት ብቻ፣ ያውም ከሳምንታት በኋላ ከተሰነጠቀ ግን ክፈፉን አስቀድመው ይመርምሩ።

ንፋስስ?

ንፋስ በራሱ ጉልበት ተራ የቤት መስታወት የሚሰብረው መስታወቱ ለስፋቱ ሲሳሳ ነው፤ ሦስት ሚሊ ሜትር ውፍረት ላለው መስታወት ሰፊ መስኮት አይመችም። የተለመደው ጉዳት ሳይያያዝ የተተወ መስኮት ሲላተም የሚደርሰው ነው። ማጠፊያው አጠገብ ወይም መያዣው ካለበት ማዕዘን የተነሳ ስንጥቅ ይህን ያመለክታል።

ከውጭ የመጣ ባለ ሁለት ንብር መስታወት በደጋ ለምን ይቸገራል?

በሁለት መስታወቶች መካከል አየር ታሽጎ የሚሠራው መስታወት ብርድ ስለሚከላከል በደብረ ብርሃን ተፈላጊ ቢሆን አያስደንቅም። ነገር ግን የታሸገው አየር የታሸገበትን ቦታ ግፊት ይዞ ይመጣል። በባሕር ጠረፍ ባለ ፋብሪካ የታሸገ መስታወት 2800 ሜትር ላይ ሲደርስ ውጭ የሚጠብቀው የአየር ግፊት ከአንድ አራተኛ በላይ ያነሰ ስለሆነ፣ በውስጡ ያለው አየር ሁለቱን መስታወቶች ወደ ውጭ ይገፋቸዋል፤ ሆዳቸው ይነፋል። ሰፊ መስታወት ጎብጦ ይችለዋል፤ ጠባብና ትንሽ የሆነው ግን መጉበጥ ስለማይችል ወይ ይሰነጠቃል ወይ ማሸጊያው ይለቅቅና በውስጡ ጉም ይይዛል። ከደብረ ብርሃን ወደ 1300 ሜትር ገደማ ወዳለችው ሸዋ ሮቢት የሚወርድ ደግሞ በተቃራኒው ወደ ውስጥ ይጎብጣል። ሲያዙ የሚገጠምበትን ከፍታ ለአምራቹ መንገር ያስፈልጋል፤ ለከፍታ የሚሠሩት ግፊቱን የሚያስተካክል ቀጭን ቱቦ ይገባላቸዋል።

ቴምፐርድ መስታወት በራሱ የሚፈነዳው ለምንድን ነው?

በመጀመሪያ መለየት ያለበት፣ አንድ ስንጥቅ ኖሮት በቦታው የቆመ መስታወት ቴምፐርድ አለመሆኑን ነው፤ ቴምፐርድ ሲሰበር በሙሉ ወደ ጥቃቅን ቁርጥራጭ ይለወጣል። ያለ ምክንያት የፈረሰ የሚመስለው አንዳንዴ በማምረቻው ጊዜ ውስጡ የቀረች የኒኬል ሰልፋይድ ቅንጣት በዓመታት ውስጥ እየሰፋች ስለሆነ ነው። በፈረሰበት መነሻ ላይ ጎን ለጎን የተጣበቁ፣ የቢራቢሮ ክንፍ የሚመስሉ ሁለት ከፍ ያሉ ቁርጥራጮች ከተገኙ ምልክቱ ይህ ነው። ይሁንና የጠርዝ ጉዳትም እንዲሁ ሊያፈነዳው ስለሚችል ከብሎንና ከማጠፊያ ጋር የሚነካካበትን ቦታ አስቀድመው ይዩ።

የተሰነጠቀውን ማጣበቅ ይቻላል?

አይቻልም። በስንጥቁ ላይ የሚፈስ ሙጫ ውሃና ንፋስ ለጊዜው ይከለክላል እንጂ የመስታወቱን ጥንካሬ አይመልስም፤ ስንጥቁም በሚቀጥለው ውርጭ ጉዞውን ይቀጥላል።

ወጪውን የሚሸፍነው ማን ነው?

ከሥራ ተቋራጩ ጋር የተጻፈ ውል ካለ መልሱ በቅድሚያ እዚያ ይፈለጋል። ከዚያ ባሻገር በ1952 ዓ.ም. የወጣው የኢትዮጵያ ፍትሐ ብሔር ሕግ በቁጥር 3039 ሥራ ተቋራጩ ለሠራው ሥራ ደኅንነትና ጽናት ከርክክብ ጀምሮ ለ10 ዓመት ዋስ እንደሚሆን፣ በአሠራር ጉድለት ወይም በመሬቱ ጠባይ ምክንያት ለሚደርስ ጉዳትም ኃላፊ እንደሚሆን ይደነግጋል። የመሬቱ ጠባይ በሕጉ መጠቀሱ በጥቁር አፈር ላይ ለሠራ ሰው ትልቅ ነገር ነው፤ መስታወቱ የቤቱ መንቀሳቀስ ምልክት ሆኖ ከተገኘ ጥያቄው የአንድ መስታወት ዋጋ መሆኑ ይቀራል። ምክንያቱ ጠባብ ቆረጣ ወይም የብየዳ ጠብታ ከሆነ ግን፣ በእኔ አስተያየት፣ ፎቶውንና የስንጥቁን መነሻ አሳይቶ ከገጣሚው ጋር በሰላም መነጋገር ይሻላል፤ ሙያውን የሚያከብር ሰው መነሻውን በዓይኑ ካየ ብዙ ጊዜ አይከራከርም። በኋላ በባለቤቱ የተለጠፈ ፊልም ወይም የፈሰሰ የፈላ ውሃ ካለ ደግሞ ወጪውን ለራስ መውሰድ እውነተኝነት ነው።

አዲሱ መስታወት ሲገጠም ምን እንቆጣጠር?

አሮጌው ሲወጣ ክፈፉ ከቆየ ስቱኮና ከዝገት ይጽዳ፤ አራቱም ማዕዘን በጣት ይዳሰስ፤ ጉብታ ካለ በሞረድ ይስተካከል፤ ብረት ከሆነም ፀረ ዝገት ይቀባ። ክፈፉ በላይም፣ በመካከልም፣ በታችም ይለካና ከሁሉ ትንሹ ልክ ይያዝ፤ ከእርሱም ላይ በቁመትም በወርድም ስድስት ሚሊ ሜትር ያህል ተቀንሶ መስታወቱ ይቆረጥ። ቆራጩ አልማዙን በአንድ ጊዜ ብቻ ያሳልፍ፤ በዚያው መስመር ላይ ሁለተኛ ሲደግም ጠርዙ ይሸራረፋል። ከተቆረጠ በኋላ ጠርዙ በውሃ ሞረድ ይለስልስ፤ ሽራፊ ያለበት መስታወት፣ ሽራፊው በክፈፉ ውስጥ የሚደበቅ ቢሆንም፣ ተቀባይነት አይኑረው።

የጎማ ማስቀመጫዎቹ ከገቡ በኋላ መስታወቱን በመዳፍ ቀስ አድርገው ወደ ግራና ወደ ቀኝ ይግፉት፤ ስቱኮው ወይም ሲሊከኑ ከመግባቱ በፊት ጥቂት መንቀሳቀስ አለበት። ካልተንቀሳቀሰ ወጥቶ እንደገና ይቆረጥ። በቤቱ ውስጥ የቀረ ብየዳ ካለ እስኪያልቅ ድረስ መስታወቱ በእርጥብ ጆንያ ወይም በወፍራም ካርቶን ይሸፈን፤ የፀሐይ ፊልም የሚፈልግ ሰውም የመጀመሪያው የኅዳርና የታኅሣሥ ውርጭ እስኪያልፍና የመስታወቱ ጠርዝ መጽናቱ እስኪታይ ድረስ መለጠፉን ያቆይ።